የታንኳ ሠሪው ቤት ወዴት ነው? በቤትና በቦታ ስለሚደረገው አድልዎና ስለ መድኃኒቱ

በባሕር ዳር ከተማ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ጣና ዳር የወረደ ሰው፣ የደንገል ታንኳ በውሃው ላይ ሲሄድ ሳያይ አይመለስም። ይህ ታንኳ ምስማር የለበትም፤ እንጨትም አልተጠረበለትም። ደንገሉ ታጭዶና ጠውልጎ፣ በገመድ እየተጠፈረ የሚሠራ ነው። ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ውሃ እየጠጣ ይከብዳልና በሌላ ይተካል። ስለዚህ ለታንኳ ሠሪው ሥራ አይታጣበትም፤ ደንገሉ ግን ከመኖሪያው ሊርቅ አይገባም። በገበያም ቀን ከሐይቁ የወጣው ዓሣ፣ የደንገሉ ቅርጫትና የእህሉ ወፍጮ ድንጋይ ከዚሁ ከሐይቅ ዳር ሰው እጅ ወደ ነጋዴው እጅ ይተላለፋል።

ነጋዴው ዕቃውን ያውቃል፤ ዋጋውንም ያውቃል። ዕቃውን የሠራው ሰው ማታ የት እንደሚያድርና በተቀመጠበት ቦታ ላይ ምን ዋስትና እንዳለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ከንግድ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቤት የሌለው ሠራተኛ ዕቃ በጊዜው ሊያደርስ፣ ብድር በጊዜው ሊከፍል፣ ልጁንም አስተምሮ ለነገ ገበያ የሚተካ ሰው ሊያወጣ እንደማይችል የታወቀ ነው።

ነገደ ወይጦ እነማን ናቸው?

በጣና ዙሪያ፣ በባሕር ዳርና በአካባቢዋ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ከሐይቁ ጋራ ተቈራኝተው የኖሩት ነገደ ወይጦ ይባላሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ጣና አገር በመጣ ጊዜ ስለ እነርሱ ጽፏል። በአገራችን የሰሜን ምዕራብ ክፍል የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፉ አንሥቷቸዋል። ከእነዚህ ጽሑፎች መረዳት የሚቻለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ወይጦዎች የሐይቁ ዳር የትናንት እንግዶች ሳይሆኑ የከረሙ ባለአገሮች መሆናቸው ነው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ።

የቀድሞው ኑሮአቸው በጉማሬ አደን ላይ የተመሠረተ ነበር። ከቆዳው አለንጋ እየሠሩ ይሸጡ ነበር፤ ሥጋውንም ይበሉ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም የጉማሬን ሥጋ እንደ ርኩስ ስለሚቈጥረው፣ ወይጦዎች ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ቢጠሩም ከሁለቱም ማዕድ ተለይተው ኖሩ። ጋብቻ ተከለከሉ፤ በሰርግና በሐዘን ድንኳን ለብቻቸው ተቀመጡ። የጉማሬው አደን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙና ንቀቱ ግን ከአደኑ በኋላ ተርፎ የቤትና የቦታ ጉዳይ ውስጥ ገባ።

እንዲህ ያለው ንቀት በአገራችን በወይጦዎች ላይ ብቻ የወደቀ አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ለረጅም ዘመን የርስት መሬት ተነፍገው በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት ኖረዋል። ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋም በየአገሩ ስም ወጥቶላቸው ከሰፈር ዳር ተቀምጠዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ አገርን የሚጐዳ መሆኑን ስላዩ ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥራውን ግን ገና አልፈጸመም።

ከተማው ሲሰፋ

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ቆሙባት፤ በጀርመን ባለሙያዎች ጥናትም የከተማ ፕላን ወጣላት። ኋላም የክልል ርእሰ ከተማ ሆነች። የሐይቁ ዳር መሬት ቀድሞ ወባና ረግረግ የበዛበት ተብሎ የሚሸሽ ነበር፤ አሁን ግን የሆቴልና የመናፈሻ ቦታ ሆኖ ከሁሉ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። በዚህ ጊዜ በዳርቻው የነበረው የወይጦ መንደር ከአንድ ጊዜ በላይ ከቦታ ወደ ቦታ ተዛወረ።

በዚህ ላይ የሐይቁ ነገር ተጨመረ። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ ግድብ ተሠርቶ የውሃው ከፍታ በሰው ፈቃድ የሚወሰን ሆነ። ውሃው በሸሸበት ቦታ እርሻ ገባ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ዳርቻውን እየወረረ ሄደ። ደንገሉም እየሳሳ መጣ።

እንግዲህ ለታንኳ ሠሪው ቤቱና ሥራው አንድ ናቸው። ለሌላው ነጋዴ ሱቅና መኖሪያ ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ፣ ቤቱን ቢለቅ ሱቁ ይቀርለታል። ወይጦው ግን ከውሃው ዳር ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ደንገሉን፣ መረቡንና ገበያውን ባንድ ቀን ያጣል። ለቤቱ ካሳ ቢከፈለው እንኳ ለጠፋው እንጀራ የሚታሰብለት ካልሆነ ኪሣራው አልተመለሰለትም።

አድልዎ እንዴት ይታወቃል?

በቤት ጉዳይ የሚደረግ አድልዎ አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ አይገኝም። «ለእገሌ ወገን ቤት አይሰጥም» ብሎ ሰሌዳ የሚሰቅል የለም። ስለዚህ ምልክቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዋና ዋናዎቹም አራት ናቸው።

አንደኛው የወረቀት ማጣት ነው። አንድ ቤተሰብ ለሦስት ትውልድ በአንድ ቦታ ላይ ኖሮ ካርታ ሳይሰጠው፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ጐረቤቱ ግን ካርታ ቢያገኝ፣ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። ካርታ የሌለው ሰው በመልሶ ማልማት ጊዜ ካሳ ለመጠየቅ፣ ከባንክ ለመበደር፣ መብራትና ውሃ በስሙ ለማስገባት ይቸገራል። እንዲህ ሆኖ የትናንቱ ንቀት ዛሬ የወረቀት ጉድለት መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው የደላላ ቃል ነው። በስልክ «ቤቱ አለ» የተባለው ሰው በአካል ሲመጣና ስሙን ወይም የአነጋገር ዘዬውን ሲሰማ «አሁን ተያዘ» ከተባለ፣ ቤቱም በማግሥቱ ለሌላ ሰው ከታየ፣ ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም።

ሦስተኛው የዋጋና የውል ልዩነት ነው። ለአንዱ የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ ተጠይቆ፣ ለሌላው የስድስት ወር ቢጠየቅ፤ ለአንዱ ውል ተጽፎ፣ ለሌላው «በቃል ይበቃል» ቢባል፤ የአንዱ ልጆች ቍጥር ሳይጠየቅ የሌላው ቢቈጠር፣ ይህ ሁሉ በር ሳይዘጉ ሰውን የማስወጣት ዘዴ ነው።

አራተኛው ቤቱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣ ነው። ውሃ መቅዳት መከልከል፣ ለቀበሌ መታወቂያ የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ መንፈግ፣ ጐረቤት እንዲርቀው ማድረግ፣ ተከራዩ ራሱ ተማርሮ እንዲወጣ ነው።

እነዚህ ምልክቶች የወይጦውን ቤተሰብ ብቻ የሚመለከቱ አይደሉም። ባል የሌላት ሴት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ፣ ሃይማኖቱ ከአከራዩ የተለየ ሰው፣ ሁሉም በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ ይህንኑ በር ሊያንኳኳ ይችላል። አከራይ የኪራይ ገንዘብ የመክፈል ዐቅምንና የቀድሞ ጠባይን መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ይህ የማንኛውም ነጋዴ ጥንቃቄ ነው። ነውሩ የሰውየው መክፈልና አለመክፈል ሳይጠየቅ ዘሩ ወይም ትውልዱ ብቻ ሲጠየቅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 8 የሰውን መብት በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በጾታ መለየት እንደማይቻል ይናገራል፤ በቍጥር 12 ደግሞ ማንም ሰው በተመቸው ስፍራ መኖሪያውን ለመመሥረት ነጻ መሆኑን ይደነግጋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲያረጋግጥ፣ ማኅበራዊ አመጣጥንና ትውልድን ከተከለከሉት የልዩነት ምክንያቶች ውስጥ ቈጥሯል። ይህም የወይጦውን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካ ነው። አንቀጽ 32 በመረጡት ስፍራ መኖርን፣ አንቀጽ 40 የንብረት መብትን ይጠብቃሉ። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ዕቅድ ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሮአቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ካሳ፣ በቂ ርዳታ ያለው መልሶ ማስፈርንም ጨምሮ፣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ኑሮአቸው የተነካባቸው» የሚለው ሐሳብ ትልቅ ነው፤ ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ደንገሉንና መረቡንም ለመጥቀስ በር ይከፍታልና።

ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የገባችበት ማናቸውንም የዘር አድልዎ ለማስወገድ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የመኖሪያ ቤትን መብት በስም ጠርቶ ይጠብቃል።

ስለ ኪራይ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1320/2016 ወጥቷል። በዐዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በተቈጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ዐዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለ ሆነ፣ በየከተማው ያለ ሰው የራሱን ከተማ ሁኔታ በቀበሌው ወይም በክፍለ ከተማው መጠየቅ አለበት።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን መሸሸግ አያስፈልግም። ግለሰብ አከራይ በተከራይ ምርጫ ላይ የሚያደርገውን አድልዎ ብቻ በዝርዝር የሚከለክልና ቅጣቱን የሚወስን ራሱን የቻለ ሕግ በአገራችን የለም። ስለዚህ ተበዳዩ የሚደገፈው በአጠቃላዮቹ ድንጋጌዎች ነውና ማስረጃው ከሌላው ጊዜ ይልቅ የጠነከረ ሊሆን ይገባዋል።

የሌላው አገር ልምድ

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ታሪክ የሚያስተምረው አለ። በዚያ አገር ቤት «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ቃል በሽያጭ ውል ላይ ይጻፍ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ቃል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ። በ1960 ዓ.ም. ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ በሽያጭም በኪራይም በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር መለየትን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ፤ ኋላም ጾታ፣ አካል ጉዳተኛነትና ልጆች ያሉት ቤተሰብ መሆን ተጨመሩበት። በዚያ አገር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ሕግ የሚጠበቁ ናቸው፤ የተበደለ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ለቤቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የማስረጃቸው ዘዴ ነው። ገንዘባቸውና ሥራቸው እኩል የሆኑ፣ ወገናቸው ግን የተለያየ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ወደ አንድ አከራይ ይላካሉ። የተነገራቸው ዋጋና የተሰጣቸው መልስ ወዲያው ይጻፋል። ሁለቱ ወረቀቶች ጐን ለጐን ሲቀመጡ የተሰወረው አድልዎ ይገለጣል። ይህ ሁለት የገበያ ሚዛኖችን ከማመሳከር የተለየ ጥበብ አይደለም፤ ማንም ነጋዴ የሚያውቀው ነገር ነው።

ርዳታው ከየት ይገኛል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና፣ የመጀመሪያው ርምጃ መዝገብ መያዝ ነው። ቀኑ፣ የደላላው ስም፣ የተጠራው ዋጋ፣ የተሰጠው ምክንያት፣ በቦታው የነበረው ምስክር ሳይውል ሳያድር ይጻፍ። የስልክ መልእክት አይሰረዝ። ኪራይ በባንክ ይከፈል፤ ካልሆነም ደረሰኝ ይያዝ። ካርታ የሌለው ነዋሪ የውሃና የመብራት ሒሳብ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የቆዩ ፎቶግራፎች ሁሉ በአንድ ከረጢት ያኑር፤ አንድ ወረቀት ብቻውን ባይበቃም በርከት ሲሉ የመኖርን ታሪክ ይናገራሉ።

ሁለተኛው በጊዜ አቤት ማለት ነው። በመልሶ ማልማት ምክንያት ትእዛዝ የደረሰው ሰው በካሳው ወይም በማስነሣቱ ቅር ቢሰኝ፣ ቅሬታውን ለዚሁ ጉዳይ ለተቋቋመው ቅሬታ ሰሚ አካል በጽሑፍ ያቀርባል፤ ከዚያም ይግባኝ አለው። የማቅረቢያው ቀን የተቈጠረ ስለ ሆነ፣ ትእዛዙ በተቀበለበት ቀን በወረቀቱ ላይ ያለውን ጊዜ አንብቦ፣ ማንበብ ካልቻለም አስነብቦ መነሣት ያስፈልጋል። ግለሰብ ጐረቤት ወይም አከራይ በጕልበት ያስወጣው ወይም ይዞታውን ያወከበት ሰው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1149 መሠረት ሁከት እንዲወገድለት መክሰስ ይችላል፤ ይህ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የዳኝነት ገንዘብ የሌለው ሰው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በድኽነት ለመክሰስ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ትክክለኛውን በር ማወቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 210 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት አለው። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ተበዳዩ ራሱ ባይችል ባል ወይም ሚስት፣ ቤተሰብ፣ ወኪል ወይም ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። ነገር ግን በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ አይመረምርም፤ ስለዚህ ወደ የትኛው አስቀድሞ መሄድ እንደሚሻል መመካከር ይገባል። በዚያው ዓመት በዐዋጅ ቍጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቦታ፣ በካርታ ወይም በምዝገባ ላይ የሚያደርሰውን የአስተዳደር በደል ይመረምራል። አቤት ባዩ አስቀድሞ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አመልክቶ የተሰጠውን መልስ ቢይዝ ነገሩ ይቀናዋል።

ጠበቃ ለመቅጠር ዐቅም ለሌለው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ ምክር አለው።

የነጋዴው ድርሻ

በባሕር ዳር የሚከራይ ቤት ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የሚጀመረውም የሚፈጸመውም በእነርሱ ዘንድ ነው። አከራይ የሆነ ነጋዴ ለደላላው «የሚከፍልና ቤት የሚጠብቅ ሰው አምጣ» ብሎ ከዚያ የበለጠ ምርጫ እንዳይጨምር ቢያዝዝ፣ አድልዎው ከምንጩ ይደርቃል። ለሁሉም አንድ ዐይነት ውል፣ አንድ ዐይነት ቅድሚያ ክፍያ፣ አንድ ዐይነት ደረሰኝ ቢኖረው፣ ክስ ቢመጣበት እንኳ መከላከያው በእጁ ነው።

ባለሱቅም ሊያግዝ ይችላል። ከሐይቅ ዳሩ ሰው ዓሣና ቅርጫት ሲገዛ አነስተኛም ብትሆን የግዢ ወረቀት ቢሰጠው፣ ያች ወረቀት በሌላ ቀን ሰውየው በዚያ ቦታ ይሠራና ይኖር እንደ ነበር የምትመሰክር ማስረጃ ትሆናለች። የእጅ ሥራ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ደግሞ ከሠሪዎቹ ጋራ የጽሑፍ ውል ቢገባ፣ ለራሱ የዕቃውን መድረስ፣ ለእነርሱም ቦታቸው የሥራ ቦታ መሆኑን ያረጋግጣል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ሆኖ ስለ ተመዘገበ፣ እንግዳው የሚመጣው ገዳማቱንና ሐይቁን ብቻ ሳይሆን በሐይቁ ላይ ያለውን ታንኳም ለማየት ነው። ሠሪው ከተነቀለ ታንኳው በሥዕል ብቻ ይቀራል።

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ነው። ከሩቅ ለመጣና ከቅርብ ለተወለደ፣ ለታወቀና ላልታወቀ የተለያየ ኪሎ አይይዝም፤ ቢይዝ ማዘጋጃ ቤት ይቀጣዋል፣ ገበያተኛውም ይሸሸዋል። ቤት ሲያከራይ የሚይዘው ሚዛንም ያው ሊሆን ይገባል። የታንኳ ሠሪው ጥያቄ ስጦታ አይደለም፤ ሌላው በሚለካበት ሚዛን መለካትን ነው። ያን ሚዛን የሚሰጠው ሕግ በመጽሐፍ ላይ አለ፤ የሚያስፈጽሙትም በሮች በከተማው ውስጥ ክፍት ናቸው። የቀረው የሚያንኳኳው ሰው ወረቀቱን ይዞ እንዲመጣ፣ ጐረቤቱ ነጋዴም አብሮት እስከ በሩ እንዲሄድ ነው።